ሽቦው ሳይታይ ግድግዳው አይመረግ

ነገሩ ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው በክረምት ነው። ዝናቡ ከገባ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በኋላ የጭቃው ግድግዳ ከመሬት እርጥበት መሳብ ሲጀምር፣ የማኅበሩ መጋዘን ጠባቂ ማታ መብራት ለማብራት እጁን ወደ ማብሪያው ሲሰድድ ክንዱን ነዘር ያደርገዋል። በማግሥቱም፣ «ግድግዳው ይነዝራል» ሲል ለሊቀ መንበሩ ያመለክታል። ሊቀ መንበሩ መጥቶ በመዳፉ ይዳስሳል። ቀን ነው፤ ፀሐይ ወጥታለች፤ እግሩም ደረቅ ጫማ ተጫምቷል፤ ምንም አይሰማውም። «አይዞህ፣ እንቅልፍ አጥተህ ነው» ይባልና ነገሩ በዚያው ይታለፋል።

ጠባቂው ግን አልተሳሳተም። ማታ በባዶ እግሩ እርጥብ ወለል ላይ ቆሞ ስለነበር ኤሌክትሪኩ በእርሱ አካል አልፎ ወደ መሬት የሚወርድበት መንገድ አግኝቷል። ሊቀ መንበሩን ያዳነው ጫማው ነው። ግድግዳው የነዘረውም በምርጊቱ ውስጥ የተቀበረው አሮጌ ሽቦ ልባሱ ተሰንጥቆ መዳቡ እርጥቡን ጭቃ ስለነካ ነው። በሐምሌ መጀመሪያ ነዘር ብቻ ያደረገ ግድግዳ፣ እርጥበቱ ሲበረታ በነሐሴ ሰው ለመግደል ይበቃል።

እንደሚታወቀው፣ የገጠር መሬትን የሕዝብ ሀብት ያደረገው አዋጅ የካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. ከወጣ በኋላ በየአካባቢው ገበሬ ማኅበራት ተመሥርተዋል። ከዚያም የአገልግሎት ኅብረት ሥራ ማኅበራት እየተቋቋሙ ጽሕፈት ቤት፣ የእህል መጋዘን፣ ሱቅና ወፍጮ ቤት በአባላት ጉልበትና መዋጮ ሠርተዋል። ዛሬ በአስተዳደር አጠራር ቀበሌ ቢባልም ሕዝቡ በብዙ ቦታ ገበሬ ማኅበር ማለቱን አልተወም፤ ያን ጊዜ ከተሠሩት ቤቶችም ቆርቆሯቸው ዝጎ፣ ምርጊታቸው ደጋግሞ ታድሶ እስከ ዛሬ የሚያገለግሉ አሉ። በ1948 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ መብራትና ኃይል ባለሥልጣን የዘረጋው መስመር ለብዙ ጊዜ ከከተማና ከዋና መንገድ ዳር ብዙም አልራቀም ነበር። ከ1990ዎቹ መጨረሻ ወዲህ ነው መስመሩ በስፋት ወደ ገጠር ቀበሌዎች የገባው። ታዲያ መብራት በደረሰበት ዘመን ሁሉ የቤቱን የውስጥ ሽቦ የዘረጋው በዚያ ጊዜ የተገኘው ሰው፣ በተገኘው ዕቃ ነው።

የአዘረጋጉም ሁኔታ አብዛኛውን ጊዜ አንድ ዓይነት ነው። ሽቦው ያለ አንዳች ቱቦ በማገሩ ላይ በምስማር ይያዛል፤ በላዩ የጭድ ጭቃ ይመረግበታል፤ ጭቃው ሲደርቅ ኖራ ይቀባል። ሽቦው ባጠረበት ቦታ ሌላ ቁራጭ ይቀጠላል። መጋጠሚያው በእጅ ይጠማዘዝና ፕላስተር ካለ በፕላስተር፣ ከሌለም በላስቲክ ተጠቅልሎ እርሱም ይመረጋል። ሽቦው ከማብሪያው ተነሥቶ ወዴት እንደሄደ የሚያውቀው የዘረጋው ሰው ብቻ ነው፤ እርሱም የእጁን ዋጋ ተቀብሎ ከሄደ ብዙ ዓመት ሆኖታል። ከዚያ ወዲህ ግድግዳው ሦስት አራት ጊዜ ታድሷል። በታደሰ ቁጥር ሽቦው ከዓይን ይበልጥ ይርቃል።

ሽቦ እንደ ማንኛውም ዕቃ ያረጃል። የሚያረጀው ግን ከመዳቡ ይልቅ ልባሱ ነው። በቀድሞ ዘመን የተዘረጋው ሽቦ ልባሱ ጎማ ሆኖ በላዩ የጥጥ ፈትል የተጎነጎነበት ነበር፤ ይህ ጎማ ዓመታት ሲያልፉበት ይደርቅና እንደ ዳቦ ቅርፊት ይፈረፈራል። ከእርሱ በኋላ የመጣው የፕላስቲክ ልባስ የተሻለ ነው። ይሁን እንጂ የተለመደው ዓይነት መዳቡ ከ70 ዲግሪ ሴንቲ ግሬድ በላይ እንዳይሞቅ ሆኖ የተሠራ በመሆኑ፣ ከዚያ በላይ ደጋግሞ ሲሞቅ ደርቆ ይሰነጠቃል። አይጥ ይቀረጥፈዋል። ምስጥም ማገሩን ሲበላ በመንገዱ ያገኘውን ልባስ ይበሳል። ሰውም ቢሆን በዚህ ረገድ ከአይጥና ከምስጥ አያንስም፤ የስብሰባ ማስታወቂያ ወይም ሚዛን ለመስቀል ምስማር ሲመታ በስተጀርባው ምን እንደሚወጋ አያውቅም።

ከሁሉ የከፋው ግን ሽቦው ያልታሰበለትን ሸክም መሸከሙ ነው። መጀመሪያ ሲዘረጋ ለአራት አምፖልና ምናልባት ለአንድ ራዲዮ ነበር። ዛሬ በዚያው ሽቦ ላይ ቴሌቪዥን፣ ኮምፒዩተር፣ የስልክ መሙያ፣ በአዳራሹ ጓዳም የስብሰባ ቀን የሚጣድ የኤሌክትሪክ ምጣድ ተጨምሮበታል። ልዩነቱን በቁጥር ማየት ይቻላል። በ220 ቮልት አንድ ባለ 60 ዋት አምፖል የሚስበው ሩብ አምፔር ያህል ነው። 3 ኪሎ ዋት ተኩል የሚወስድ ምጣድ ግን 16 አምፔር ያህል ይስባል፤ ይኸውም 58 አምፖሎች በአንድ ጊዜ ከማብራት ጋር የሚተካከል ነው። ለአራት አምፖል የተዘረጋ ባለ 1.5 ሽቦ ይህን ሲሸከም ከመጠን በላይ ይሞቃል። በሽቦ ውስጥ የሚያልፈው ፍሰት እጥፍ ሲሆን የሚፈጠረው ሙቀት አራት እጥፍ መሆኑም መዘንጋት የለበትም። ሙቀቱ ደግሞ የሚብሰው ያ በእጅ የተጠማዘዘው መጋጠሚያ ላይ ነው።

በዚህ ጊዜ ፊውዙ ይቃጠላል። መቃጠሉ ሥራው ነው፤ ሽቦውን ለማዳን ራሱን መስጠቱ ነው። ነገር ግን ስብሰባው እንዳይቋረጥ ወይም እንግዳው እንዳይጦም ተብሎ በፊውዙ ፈንታ ወፍራም የመዳብ ሽቦ፣ አንዳንድ ጊዜም ምስማር ይገባል። ያን ጊዜ በግድግዳው ውስጥ ያለው ቀጭን ሽቦ ራሱ ፊውዝ ሆነ ማለት ነው። የሚቃጠለውም በጭድና በማገር መካከል፣ ማንም በማያየው ቦታ ነው። ለዚህ ነው እሳቱ ብዙ ጊዜ ሰው ሁሉ ከተኛ በኋላ የሚታየው፤ ማገሩ ለሰዓታት ሲጨስ ቆይቶ ነበልባሉ ወደ ጣራው የሚወጣው ዘግይቶ ነውና።

የማዳበሪያ መጋዘን የራሱ ጣጣ አለው። ማዳበሪያ ከአየር እርጥበት ይስባል፤ ብናኙ በግድግዳው ላይና በሶኬቱ ውስጥ ተቀምጦ ሲረጥብ ብረትና መዳብ ይበላል። ከረጢቶቹ ግድግዳውን ተደግፈው ሲከመሩ ደግሞ ግድግዳው አየር ስለማያገኝ አይደርቅም። ስለሆነም በማዳበሪያ መጋዘን ውስጥ ሶኬት ባይኖር ይመረጣል። ማብሪያው ከበሩ ውጭ ዝናብ በማይነካው ቦታ ቢሆን፣ የሽቦው መሥመር ከክምሩ ከፍታ በላይ ቢያልፍ፣ ክምሩም በርብራብ ላይ ሆኖ ከግድግዳው ሰው የሚያልፍበትን ያህል ቢርቅ ሽቦውም ማዳበሪያውም ይተርፋሉ።

እንግዲህ ሽቦው ይለወጥ ተብሎ በስብሰባ ሲወሰን የመጀመሪያው ስሕተት ይመጣል። ይኸውም አሮጌውን ሽቦ ለማውጣት ግድግዳውን መብጣት ነው። አንድ መሮ የያዘ ጎልማሳ ከማብሪያው ተነሥቶ ሽቦውን እየተከተለ ምርጊቱን ይፈለፍላል፤ ሽቦው አግድም ይሄድና ማገር ሥር ይገባል፤ ማገሩ ይቆረጣል፤ ማታ ላይ ግድግዳው ያዘነብላል። የመዳቡ ዋጋ ያጓጓል መባሉም እውነት ነው። ግን ከግድግዳው የሚወጣው መዳብ ተሽጦ ለፈረሰው ምርጊት ጭድ መግዣ እንኳ ላይበቃ ይችላል።

በቀጥታ በጭቃ ወይም በሲሚንቶ ልስን የተያዘ ሽቦ ተጎትቶ አይወጣም። መውጣትም አያስፈልገውም። የሚያስፈልገው መሞቱ ነው። ሁለቱም ጫፎቹ ከየተያያዙበት ይፈታሉ፤ በአንድ ጫፍ ብቻ መፍታት አይበቃም፤ ምክንያቱም ሌላው ጫፍ ከየት ኃይል እንደሚቀበል አይታወቅም። ከዚያ ባለሙያው በመለኪያ መሞቱን ያረጋግጣል፤ የሚታየው ጫፍ በአጭሩ ተቆርጦ ይሸፈናል። ማንም ተመልሶ እንዳይቀጥለው ጫፉ ላይ «የሞተ ሽቦ» ተብሎ ይጻፋል። ከዚህ በኋላ በግድግዳው ውስጥ የቀረው ሽቦ ከተራ ማሠሪያ ሽቦ የተለየ አይደለም። አሮጌው ሽቦ በቱቦ ውስጥ ያለፈ ከሆነ ግን ዕድል ነው። አዲሱ ሽቦ በአሮጌው ጫፍ ላይ በደንብ ይታሰርና አንዱ ሰው ከወዲያ እየሳበ ሌላው ከወዲህ እየሰጠ በቀስታ ያልፋል። አብሮም ጠንካራ ሲባጎ ቢያልፍ ለሚመጣው ጊዜ መሳቢያ ይሆናል።

ሥራው ከመጀመሩ በፊት ወሰኑን ማወቅ ይገባል። ከምሰሶው እስከ ቆጣሪው ያለው መስመርና በእሽግ የተዘጋው ቆጣሪ የአገልግሎት ሰጪው መሥሪያ ቤት ነው፤ የማኅበሩ ሰው አይነካውም፤ እዚያ ያረጀ ሽቦ ካለ በጽሑፍ ማመልከት ነው። ከቆጣሪው ወዲህ ያለው ኃላፊነት የባለቤቱ፣ ማለት የማኅበሩ ነው። ሥራው ሲጀመር ዋናው ማጥፊያ ይጠፋል፤ ሳጥኑም ይቆለፋል፤ ቁልፉን የሚይዘው ሽቦውን የሚነካው ሰው ራሱ ነው እንጂ ሌላ አይደለም። ሳጥኑ ቁልፍ ከሌለው አንድ ሰው ከአጠገቡ ሳይነቃነቅ ይቀመጣል። ባለሙያው መለኪያውን በመጀመሪያ ሕይወት ባለው ሶኬት ላይ ይሞክረዋል፤ ቀጥሎ በጠፋው ላይ፤ ከዚያም እንደገና ሕይወት ባለው ላይ። መለኪያው ራሱ ሞቶ «ኤሌክትሪክ የለም» ቢል ማን ያውቃል?

የአዲሱ ሽቦ መንገድ እንደ ግድግዳው ዓይነት ይለያያል። የድንጋይ ግድግዳ ከሆነ የልስኑን ውፍረት ተከትሎ በመሮ ቦይ ማውጣት ይቻላል። ብሎኬት ውስጡ ባዶ ስለሆነ ቦዩ ጥልቅ ሲሆን ይሰበራል፤ በተለይ አግድም የሚሄድ ረጅም ቦይ ግድግዳውን ያዳክማል። የጭቃ ግድግዳ ግን ባይቆፈር ይሻላል። የቤቱን ክብደት የተሸከሙት ቋሚዎቹ ሲሆኑ እነርሱን አንድ ላይ ይዞ ያቆመው ማገሩ ነውና። በጭቃ ቤት አዲሱ ሽቦ በፕላስቲክ ቱቦ ውስጥ ሆኖ በግድግዳው ላይ በግልጽ ቢዘረጋ፣ ቱቦውም በየእርምጃው ከቋሚው ላይ በማቀፊያ ቢያዝ ሥራው በአንድ ቀን ያልቃል፤ ግድግዳውም አይጎዳም።

በዚህ ጊዜ በብዙ ቦታ ክርክር ይነሣል። አንድ ሽማግሌ ተነሥተው፣ «ልጄ፣ ቤቱ አዲስ ተመርጎ፣ ኖራ ተቀብቶ፣ ይህ ቱቦ እንደ ደም ሥር ወጥቶ ሊታይ ነው? እንደ ከተማው ቤት ውስጥ ለውስጥ ይሂድልን እንጂ» ይላሉ። ባለሙያውም፣ «አባባ፣ የከተማውም ቤት ውስጥ ለውስጥ የሚሄደው በቱቦ ነው፤ መንገዱም ይታወቃል። የእርስዎን ግድግዳ ግን ከሁለት ዓመት በኋላ ምስጥ ሲገባው ምርጊቱን የሚያነሣው ማነው? ልጅዎ አይደለም?» ሲል ይመልሳል። ሽማግሌው ቤቱ ማማሩን መፈለጋቸው አያስነቅፍም፤ በመዋጯቸው የተሠራ ነው። ነገር ግን የጋራ ቤት ለብዙ ዓመት በብዙ እጅ የሚታደስ በመሆኑ፣ መንገዱ ከውጭ የሚታይ ቱቦ ለሚያድሰው ሁሉ ማስጠንቀቂያ ነው። ቱቦው ራሱ ኖራ ሊቀባም ይችላል።

የግድ በልስን ውስጥ ይሂድ ከተባለ ደግሞ ሕጉ ጥብቅ ነው። ቱቦው ከማብሪያው ወይም ከሶኬቱ ቀጥ ብሎ ወደ ላይ ወይም ወደ ታች፣ አለዚያም ቀጥ ብሎ አግድም ይሂድ እንጂ ሰያፍ ፈጽሞ አይሂድ። ምስማር የሚመታ ሰው ሰያፍ የሄደውን ሊገምት አይችልም። ቱቦው በቦዩ ውስጥ ሳይነቃነቅ መያዝ አለበት፤ ካልተያዘ ልስኑ በመንገዱ ሁሉ ይሰነጠቃል። ቦዩ ከመሞላቱ በፊት በውኃ ይርስ፤ ደረቅ ድንጋይ የልስኑን ውኃ ስለሚመጥ ልስኑ ይለቅቃል። ሽቦው በቱቦው ውስጥ የሚሳበው ልስኑ ከደረቀ በኋላ ነው። ብዙ ግንበኞችና የኤሌክትሪክ ሠራተኞች ቶሎ ለመጨረስ ይህን ቅደም ተከተል ያፋልሳሉ፤ ሽቦው በቱቦው ውስጥ በነፃነት መሳቡ የሚታወቀው ግን ልስኑ ከደረቀ በኋላ ሲሳብ ብቻ ነው። ቱቦውም ታጭቆ መሞላት የለበትም፤ ግማሹ ባዶ ቢሆን ሙቀቱም ይወጣል፣ ሽቦውም ወደፊት ይለወጣል።

መጋጠሚያ የሚፈቀደው በእስካቶላ ውስጥ ብቻ ነው፤ የእስካቶላውም ክዳን ከልስን በላይ ይውጣ እንጂ አይለሰንበት። ለመብራት ባለ 1.5 ሽቦ፣ ለሶኬት ባለ 2.5፣ ለምጣድ ደግሞ ከሌሎቹ የተለየ የራሱ ባለ 4 ሽቦ ከነብሬከሩ ይዘረጋል። በአሮጌ ቤቶች ውስጥ ብዙ ጊዜ የማይገኘው የመሬት ሽቦ፣ ባለሙያዎች ኧርዝ የሚሉት፣ አረንጓዴና ቢጫ ቀለም ያለው ሆኖ ከእያንዳንዱ ሶኬት ተነሥቶ ከቤቱ አጠገብ እርጥበት ባለው ቦታ ወደ መሬት ከተቀበረ የብረት ዘንግ ጋር ይገናኛል። ይህ ቢኖር ኖሮ የጠባቂውን ክንድ የነዘረው ኤሌክትሪክ ከፊሉ ሌላ መንገድ ሊያገኝ ይችል ነበር።

በዚህ ላይ አንድ ነገር ይጨመር። ፊውዝም ሆነ ተራው ብሬከር የሚጠብቀው ሽቦን ነው፤ ሰውን አይጠብቅም። ሰው ለመግደል ከአንድ አምፔር አሥረኛ ያነሰ ፍሰት ሊበቃ ይችላል፤ 16 አምፔር የሚጠብቅ ብሬከር ደግሞ ይህን ከቁም ነገር አይቆጥረውም። በመሆኑም 30 ሚሊ አምፔር ያህል ኤሌክትሪክ ከመንገዱ ሾልኮ ወደ መሬት ሲሄድ በቅጽበት የሚያጠፋ የሰው መከላከያ ብሬከር በሳጥኑ ውስጥ መግባት ይኖርበታል። ዋጋው ከተራው ይበልጣል። የግዥ ኮሚቴ ወጪ ሲቀንስ መጀመሪያ የሚሠርዘው ይህን ዕቃ ሊሆን ይችላልና ሊቀ መንበሩ ዝርዝሩን ራሱ ማየት አለበት።

ስለ ግዥ ከተነሣ ዘንድ፣ ማኅበሩ በዚህ ረገድ ከከተማ ሰው የሚበልጥበት አንድ መሣሪያ አለው፤ እርሱም ሚዛኑ ነው። በገበያ ላይ በላዩ 2.5 ተብሎ የተጻፈበት፣ ውስጡ ግን የቀጠነ፣ ወይም መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም የሆነ ሽቦ ይሸጣል። 100 ሜትር ባለ 2.5 እውነተኛ የመዳብ ሽቦ መዳቡ ብቻ ወደ 2 ኪሎ ከ240 ግራም ይመዝናል፤ ከነልባሱ 3 ኪሎ ያህል ነው። ባለ 1.5 ጥቅል ከነልባሱ 2 ኪሎ ያህል፣ ባለ 4 ደግሞ 4 ኪሎ ተኩል ያህል ይሆናል። ባለ 2.5 ተብሎ የመጣ ጥቅል ሚዛን ላይ ወጥቶ 2 ኪሎ ብቻ ካነሣ ወይ ቀጥኗል፣ ወይ አጥሯል፣ ወይም መዳብ አይደለም። የሽቦው ጫፍ በቢላዋ ሲፋቅ ነጭ ከወጣም አሉሚኒየም ነው። ይህን ለማወቅ መሐንዲስ መሆን አያስፈልግም፤ ጤፍ ሲረከብ የኖረ የመጋዘን ኃላፊ ጥቅሉን በኪሎ ሚዛን ላይ አስቀምጦ ሊያየው ይችላል። ከመግዛቱ በፊት ቢያየው ደግሞ ይበልጥ ይጠቅማል።

የሥራው ክፍፍልም አስቀድሞ በቃለ ጉባኤ ቢጻፍ ጠብ አይነሣም። ቦይ ማውጣት፣ ቱቦ ማቀፍ፣ ጭቃ ማቡካት፣ መምረግና ኖራ መቀባት የአባላት ጉልበት ነው። ሽቦ መቀጠል፣ ከሳጥን ጋር ማገናኘትና መለካት የሠለጠነ ባለሙያ ብቻ ነው። «የእገሌ ልጅ ሬዲዮ ይጠግናል፤ በርካሽ ይሠራልናል» የሚለው ሐሳብ በየስብሰባው መነሣቱ አይቀርም። ልጁ ብልህ ሊሆን ይችላል፤ በባለሙያው ሥር ረዳት ሆኖ ቢሠራ ማኅበሩ ሁለት ጊዜ ይጠቀማል። ለብቻው ከተሠማራ ግን ያንን አሮጌ ግድግዳ እንደገና መሥራት ይሆናል።

ጊዜውን በሚመለከት፣ ምርጊት እንዲደርቅ በጋ ይሻላል። ማዳበሪያው ከመግባቱ በፊት፣ የመኸሩም እህል ከወጣ በኋላ መጋዘኑ ባዶ የሚሆንበት ሳምንት አለ፤ ያ ሳምንት እንዳያመልጥ ቱቦውና ሽቦው አስቀድሞ ተገዝቶ መቀመጥ ይኖርበታል። ሥራው ገና ሳይጀመር ግድግዳው እየነዘረ ከሆነ ግን በጋ አይጠበቅም፤ ዋናው ማጥፊያ ያኑኑ ይጠፋል፤ ጠባቂውም እስኪሠራ ድረስ በባትሪ ይጠብቃል። ሰው በኤሌክትሪክ ተይዞ ቢገኝም አስቀድሞ ማጥፊያውን መዝጋት ነው፤ ማጥፋት ካልተቻለ በደረቅ እንጨት ከሽቦው ማላቀቅ ነው እንጂ በእጅ መያዝ አይገባም። ከላቀቀ በኋላ ካልተነፈሰ ትንፋሽ እየሰጡ በአስቸኳይ ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ነው።

ሁሉም ተዘርግቶ ገና ሳይመረግ ወይም ሳይለሰን አንድ ቀን ሥራው ይቁም። በዚያ ቀን ሊቀ መንበሩ፣ ገንዘብ ያዡ፣ የመጋዘን ኃላፊውና ጠባቂው ከባለሙያው ጋር በግድግዳው ዙሪያ ይሂዱ። ቱቦው የት ወጥቶ የት እንደሚገባ፣ እስካቶላው የት እንዳለ በጣት ይታይ። ከወለሉ ስንት ሜትር፣ ከማዕዘኑ ስንት ሜትር እንደሆነ በሜትር ተለክቶ በአንድ ወረቀት ላይ ይሣል። ዛሬ ስልክ የሌለው ኮሚቴ ስለማይኖር፣ ሜትሩ ከግድግዳው ጋር እንደተዘረጋ ፎቶግራፍም ይነሣ። ፎቶግራፉ በስልክ ውስጥ ብቻ ከቀረ ስልኩ ሲጠፋ አብሮ ይጠፋልና ታትሞ ከሥዕሉ ጋር ይያያዝ። የሞተው አሮጌ ሽቦም የታየበት ቦታ በተለየ ቀለም ይመልከት። ወረቀቱ ላይ ሁሉም ይፈርሙበት፤ አንዱ ቅጂ በቃለ ጉባኤው መዝገብ፣ ሌላው በሳጥኑ ክዳን ውስጥ በላስቲክ ተሸፍኖ ይለጠፍ። መሮ ወይም ምስማር የሚያነሣ ሰው መጀመሪያ ክዳኑን እንዲከፍት ይለመድ።

መለካቱ የመጨረሻው ሥራ ነው፤ ብዙ ጊዜ የሚዘለለውም እርሱ ነው። ባለሙያው አምፖሎቹን ፈትቶ፣ ከሶኬቶቹ ላይ ሁሉን ነቅሎ፣ በ500 ቮልት መለኪያ የልባሱን ጥንካሬ ይለካል፤ በሽቦና በሽቦ፣ በሽቦና በመሬት መካከል ከ1 ሜጋ ኦም በታች ከወጣ አንድ ቦታ ጉዳት አለ ማለት ነው። አዲስ ሥራ ከዚህ እጅግ የላቀ ቁጥር ማሳየት ይኖርበታል። ቁጥሩ በዚያው ሥዕል ጀርባ ይጻፍ። የሰው መከላከያው ብሬከር ላይ ያለችው መሞከሪያ ቁልፍ በሊቀ መንበሩ ጣት ትጫን፤ መብራቱ ወዲያው ካልጠፋ ዕቃው ተመላሽ ነው። ከዚያ በኋላ በየወሩ ያንኑ መሞከር የጠባቂው ሥራ ሆኖ ይጻፍለት።

ከክፍያውም ጥቂቱ በማኅበሩ እጅ ቢቆይ መልካም ነው። ውሉ ውስጥ፣ ክረምቱ ከገባና ግድግዳው እርጥበት ከሳበ በኋላ፣ ሐምሌ ውስጥ ባለሙያው አንድ ጊዜ ተመልሶ እንዲለካ ይግባ። በበጋ ደረቅ ግድግዳ ላይ የተገኘው ቁጥርና በሐምሌው የተገኘው ቁጥር ጎን ለጎን ይጻፋሉ። ቀሪው ገንዘብ የሚከፈለው ያን ዕለት፣ ጠባቂው ባለበት ነው።